ምስጋናውን መልሶ የወሰደ ሰው

በቺንሳንካ ከተማ የምስጋና ንግግር ሳይደረግ ስብሰባ አይበተንም፤ የምስጋና ንግግር ደግሞ ያለ ሎምቤ ካፓምብዌ አይታሰብም ነበር። ድልድይ ሲመረቅ፣ የክትባት ዘመቻ ሲከፈት፣ የትምህርት ቤት መጸዳጃ ሪባን ሲቆረጥ፣ ተናጋሪው ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ ሎምቤ ኮቱን ይቆልፋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ማይኩንም እንደ አራስ ሕፃን በስሱ ይይዛል። የተቀጠረው በከተማው ምክር ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ነው። ሰው የሚያውቀው ግን በዚያ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ወስኖ አያውቅም፣ አንድም አለቃ አስቀይሞ አያውቅም። ሥራው ማመስገን ነበር።

ያደገው በባንግዌሉ ረግረግ ዳር ባለች ትንሽ የሚስዮን ጣቢያ ነው። አባቱ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነበሩ፤ በቤታቸው ሳይመሰገንበት የሚዋጥ ነገር አልነበረም። ሎምቤ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው፣ ጣቢያውን ሊጎበኙ የመጡትን ጳጳስ ስለ ላኩት የዱቄት ወተት እንዲያመሰግን ተመረጠ። ወተቱ ከርሞ ተበላሽቶ ኖሮ ግማሹ ክፍል በተቅማጥ ተኝቷል። ልጁ ግን ወተቱን ከሰማይ ከወረደ መና ጋር እያመሳሰለ እንዲህ አሳምሮ ቢያመሰግን የጳጳሱ ዓይን እንባ አቀረረ። በሚቀጥለው ወር ከዚያው ወተት ሃያ ካርቶን ጨምረው ላኩ።

አንዳንድ ሰው ከዚህ ትምህርት ይወስድ ነበር። ሎምቤ የወሰደው ትምህርት ግን በሚገባ ማመስገን እንደሚያስጨምር ብቻ ነው።

በትሕትናውም የታወቀ ነበር። አለቃ ሲያገኝ ከወገቡ ሳይሆን ከጉልበቱ ነው የሚታጠፈው፤ እንደ አገሩ ወግ መዳፉን አጉብጦ ሲያጨበጭብም ቢሮው ሁሉ ይሰማዋል። «ከእኔ የሚበልጥ ትሑት በዚህ ወረዳ ካለ ስሙን ንገሩኝ» ይል ነበር በምሳ ሰዓት፣ እና እስኪነገረው ድረስ በእውነት ይጠብቃል።

ሚስቱ የክሊኒኩ አዋላጅ ነርስ ናት። የበኩር ልጃቸው ቺፓሻ ስለሚባል እሷን ባና ቺፓሻ፣ እሱን ባሺ ቺፓሻ ይሏቸዋል፤ የቺፓሻ እናት፣ የቺፓሻ አባት ለማለት ነው። በወጉ ያደገች ሴት ናትና ባሏን በ«እርስዎ» እንጂ በ«አንተ» ጠርታው አታውቅም። ስትሰድበውም በ«እርስዎ» ነው።

«ባሺ ቺፓሻ፣ ዛሬ ደግሞ ስለ ምን አመሰገኑ?» ትለዋለች ማታ የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሺማውን፣ እያቀረበች።

«ስለ አምቡላንሱ።»

«የታለ አምቡላንሱ?»

«ቃል ተገብቷል። በእምነት ተቀብለነዋል።»

«እንግዲያው ነገ ያቺን ምጥ የያዛትን ልጅ በእምነት ጭነው ወደ ሆስፒታል ያድርሱልኛ!»

ሎምቤ በዚህ ጊዜ ዓይኑን ይጨፍንና የማዕዱን ጸሎት ይጀምራል። ሚስቱ የምትናገርበትን መንገድ ለመዝጋት ከዚያ የተሻለ ዘዴ አላገኘም፤ ጸሎቱም ከዓመት ዓመት እየረዘመ ሄዶ ነበር።

አገራቸው በሕገ መንግሥቷ የክርስቲያን አገር ተብላለች፤ በየዓመቱም በኦክቶበር አጋማሽ፣ ሙቀቱ አንጎል በሚያፈላበት ወቅት፣ የብሔራዊ ጸሎት ቀን ይከበራል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ቀን ከዋና ከተማ የመጡ አንድ የክብር እንግዳ ስለ ቺንሳንካ የውሃ ችግር ሰምተው አዝነው ነበር። ከወንዙ ውሃ ይስብ የነበረው ፓምፕ ተቃጥሏል፤ የከተማው ቧንቧ የሚተፋው ትኩስ አየርና አልፎ አልፎ በረሮ ነው። እንግዳው «አዲስ ፓምፕ ይመጣል» አሉ። ሎምቤም ተነሥቶ፣ «እግዚአብሔር ሆይ፣ የከተማችንን ጥም ያረካውን ይህን ታላቅ ፓምፕ ስለ ሰጠኸን፣ ባሪያህንም የክብር እንግዳችንን ስለ ላክህልን» ብሎ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አመሰገነ። ስለ ውሃው ቅዝቃዜ ሳይቀር ተናገረ። ሕዝቡ እየተጠማ አጨበጨበ።

ፓምፑ አልመጣም። አሥር ወር ሲያልፍ የምክር ቤቱ ኃላፊ ሚስተር ካሌንጋ፣ ፈሪ ግን ውሃ የሚጠማቸው ሰው ናቸውና፣ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ በአንድ ወር መጣ፤ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የሚከፍተው ደግሞ ሎምቤ ራሱ ነው። እንዲህ ይላል፦

«በፋይላችን እንደሚታየው፣ የቺንሳንካ ሕዝብ ፓምፑን መቀበሉን ሎምቤ ካፓምብዌ በሕዝብ ፊት ባደረጉት የምስጋና ንግግር አረጋግጠዋል። ንግግሩ ከዚህ ጋር ተያይዟል። በመሆኑም ጉዳዩ ተዘግቷል። የተሰጠን ነገር ደግሞ መጠየቅ ከአመስጋኝ ሕዝብ እንደማይጠበቅ ለማስታወስ እንወዳለን።»

ሎምቤ መጀመሪያ የተሰማው ኩራት ነው። ንግግሩ፣ የራሱ ንግግር፣ በዋና ከተማ ተተይቦ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በፋይል ተቀምጧል! ሁለት ጊዜ አነበበው፤ «ስለ ውሃው ቅዝቃዜ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነበው ግን «ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚለው ላይ ቆመ።

ከወንበሩ ተነሥቶ የቆዩትን ፋይሎች አወጣ። አምቡላንሱም እንዲሁ ሆኖ ነበር። «በምስጋና መቀበላችሁ ስለ ተረጋገጠ» ይላል ያኔ ሳያስተውል ከፍቶ ፋይል ያደረገው ደብዳቤ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጣሪያም እንዲሁ። የቺንሳንካ ሰው ለዓመታት ሲጠይቅና ሲከለከል የኖረው በሎምቤ አንደበት ነበር፤ እሱ አንድ ነገር ባመሰገነ ቁጥር ያ ነገር መጥቷል ተብሎ ይጻፋል፣ ከተጻፈ በኋላ የሚያመጣው የለም።

ማታ በማዕድ ላይ ደብዳቤውን ለሚስቱ አሳያት። ላለማሳየት አስቦ ነበር፤ ግን ሚስተር ካሌንጋ ነገሩን በክሊኒኩ በኩል ሲያልፉ ቀድመው አውርተውታል።

ባና ቺፓሻ ቆማ አነበበችው። ከዚያ ተቀመጠች።

«ይንገሩኝ እስቲ። እኔ ባለፈው ሳምንት በሦስት ሊትር ውሃ መንታ ያዋለድኩት እርስዎ ስላመሰገኑ ነው?»

«እንዲህ ባይባል…»

«እንዴት ይባል? እርስዎ የንግግር ሰው ነዎት፣ ቃሉን ያስተካክሉልኝ።»

ሎምቤ የማዕዱን ጸሎት ሊጀምር ዓይኑን ጨፈነ፤ እንደ ሁልጊዜው «እግዚአብሔር ሆይ» አለና እዚያው ቀረ። ሰውን ስለ መዋሸቱ ብዙም አልከበደውም፤ ሰው ይዋሻል። ግን ንግግሮቹ ሁሉ፣ ከወተቱ ጀምሮ፣ የተነገሩት ለማን ነበር? ዓይኑን ሲገልጥ ሚስቱ እህሉን አንስታ ሄዳለች።

የዘንድሮው የጸሎት ቀን ሲቃረብ መሪ ቃሉ «ምስጋናና ትሕትና በአገር ሕይወት» የሚል መሆኑ ተነገረ። የዝግጅት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሚስተር ካሌንጋ ላባቸውን እየጠረጉ፣ የዘንድሮው የክብር እንግዳ ትሕትናቸውን በተግባር ለማሳየት የአንድ ድሃ ዜጋ እግር እንደሚያጥቡ አስታወቁ።

«ድሃ ፈልጉልኝ» አሉ። «ግን የተመጠነ ድሃ ይሁን። በጣም የከፋውን ካመጣችሁ እንግዳው ምን እየሠራችሁ ነው ይሉናል፤ የተሻለውን ካመጣችሁ ደግሞ ፎቶው አያምርም።»

ከብዙ ክርክር በኋላ ከሰል ሻጯ ባና ሳምፓ ተመረጠች። ስድሳ ዓመት ያለፋት ባልቴት ናት፤ ከሰሏን በራሷ ተሸክማ ከጫካ የምታመጣ፣ እግሯ እንደ ደረቀ ኩሬ መሬት የተሰነጣጠቀ። ሊነግራት የተላከው ሎምቤ ነው።

«እማማ፣ ደስ ይበልዎት። ትልቅ ሰው ከዋና ከተማ መጥተው እግርዎን ሊያጥቡ ነው።»

ባና ሳምፓ ከጆንያው ቀና አለች። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም። ትሕትናቸውን ለማሳየት ነው።»

«እሳቸው ትሑት እንዲሆኑ እኔ ቆሻሻ መባል አለብኝ?»

«ክብር ነው እኮ እማማ!»

«እሺ፣ ይሁን። ውሃውስ ከየት ይመጣል?»

«የውሃ ቦቴ ይልካሉ።»

«ሙሉ ቦቴ? ለሁለት እግር?» አሰብ አደረገችና «ልጄ ሎምቤ፣ ቤቴ ስድስት የልጅ ልጆች አሉ። ሁሉም ሁለት ሁለት እግር አላቸው። ይዤያቸው ልምጣ?» አለችው።

ሎምቤ ለኮሚቴው ተስማምታለች ብሎ ብቻ ነገራቸው።

ቀኑ ደረሰ። በኳስ ሜዳው ላይ ዳስ ተጣለ፤ ከፊት ሶፋ፣ ከኋላ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ። ችግሩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀመረ። የከተማው ቄሶችና ፓስተሮች፣ መሪ ቃሉ ትሕትና መሆኑን ስለሚያውቁና በወንጌሉም ዝቅ ብሎ የተቀመጠ «ወዳጄ ሆይ፣ ወደ ላይ ውጣ» እንደሚባል ስላልጠፋቸው፣ ሁሉም ተሽቀዳድመው መጥተው የመጨረሻውን ረድፍ ያዙት። ዘግይተው የደረሱት ሦስቱ ቦታ ቢያጡ ከኋላው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ይህን ጊዜ ወንበር ላይ የነበሩት ተበለጥን ብለው ወንበሩን ትተው ወረዱ። አንዱ ሐዋርያ ነኝ ባይ ፓስተር፣ ነጭ ሱፉን እንደ ለበሰ፣ የሣሩም ትሕትና አልበቃ ብሎት ከዳሱ ወጥቶ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠ። ወደ ላይ ውጡ የሚላቸው ሲጠፋ ሁሉም እርስ በርስ በክፉ ዓይን መተያየት ጀመሩ። ሕዝቡ መጥቶ ሲያይ ባዶ የቀረው የፊቱ ሶፋ ነው። ከገበያ የመጡ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሶፋው ላይ ተደላደሉ። እነሱን ለማስነሣት ሁለት ፖሊስና አርባ ደቂቃ ፈጀ።

ባና ሳምፓ በዚያ ሰዓት ከአዳራሹ ጓሮ ነበረች። ሁለት የፕሮቶኮል ሴቶች እግሯን በሳሙናና በሻካራ ድንጋይ ይፈትጉታል። የከሰሉ ጥቁር የእንግዳውን እጅ እንዳይነካ ሚስተር ካሌንጋ ያዘዙት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈተጓት፣ ከዚያ ቫዝሊን ቀቧት።

«ልጆቼ፣» አለቻቸው፣ «ለትልቁ ሰው ምን ልታስተርፉላቸው ነው?»

እንግዳው በአሥራ አንድ መኪና ታጅበው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ተሰበከ። ስለ ትሕትና አምስት ሰው ተናገረ፤ እያንዳንዱ ከተሰጠው ሰዓት አለፈ። ከዚያ እንግዳው ኮታቸውን አወለቁ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ፎጣ የያዘ ሰው፣ ኮት የያዘ ሰው ተከተላቸውና ወደ ባና ሳምፓ ሄዱ። መሬቱ ላይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ ትራስ ነበር። ተንበረከኩ። በጣታቸው ጫፍ ውሃ ነክተው እግሯ ላይ ጠብ አደረጉ። ካሜራ ያዡ «ጌታዬ ይቅርታ፣ አልያዝኩትም» አለ። ደገሙት። ሁለተኛው ላይ የሚስተር ካሌንጋ ጭንቅላት መሃል ገብቷል። ሦስተኛው አማረ።

ፕሮግራም መሪው ባና ሳምፓ «አሜን» እንድትል ማይኩን አፏ አጠገብ አደረገላት። እሷ ማይኩን ተቀበለችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌታዬ። ጠዋት ሁለት ሴቶች አጠቡኝ፣ አሁን እርስዎ ሦስት ጊዜ አጠቡኝ። ከተጠመቅኩ ወዲህ እንዲህ ታጥቤ አላውቅም።» ሕዝቡ ሳቀ። «አንድ ነገር ልለምን። የሳፋው ውሃ ንጹሕ ነው፤ እኔም ንጹሕ ነበርኩ። ካልፈለጋችሁት ለልጆቹ ወደ ቤት ልውሰደው?»

ከፕሮቶኮሎቹ አንዱ፣ ነገሩን በቶሎ ለመቅጨት ብሎ፣ ሳፋውን ብድግ አደረገና ከዳሱ ጀርባ ሣሩ ላይ ደፋው። ከሕዝቡ መሃል፣ ሰው ሲወድቅ እንደሚሰማው ዓይነት፣ አንድ የጋራ «ውይ!» ወጣ። ከኋላ የተቀመጡት ፓስተሮች የሱሪያቸው መቀመጫ ራሰ።

«አሁን ሚስተር ሎምቤ ካፓምብዌ የምስጋናውን ንግግር ያቀርባሉ» ተባለ።

ሎምቤ ተነሣ። ኪሱ ውስጥ አራት ገጽ አለ፤ የእንግዳው ማዕረግ ብቻውን ግማሽ ገጽ ይዟል። ማይኩን ያዘ። ከሕዝቡ መሃል ሚስቱን አያት፤ ከሌሊት ተረኝነቷ በቀጥታ ስለ መጣች ነጭ ልብሷን አላወለቀችም። ዓይኗ እሱ ላይ አይደለም፤ የተደፋው ውሃ ሣሩ ውስጥ ሲገባ ታያለች። ወረቀቱን አላወጣም።

«እግዚአብሔር ሆይ፣» አለ፣ «ዛሬ ያየሁትን ብቻ አመሰግናለሁ። ቦቴው መምጣቱን አይቻለሁ፤ ስለ ቦቴው አመሰግናለሁ። ባና ሳምፓን አይቻለሁ፤ ስለሷ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር በሚስቴ እጅ አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት ተወልደዋል፤ ውሃ ሳይኖር ሁሉም በሕይወት አሉ፤ ይህንን አንተ ነህ ያደረግኸው፣ አመሰግናለሁ።»

እዚህ ላይ ሚስተር ካሌንጋ በእጃቸው «ጨርስ» የሚል ምልክት ሰጡት።

«ፓምፑን በሚመለከት፣» አለ ሎምቤ፣ «ባለፈው ዓመት እዚሁ ቆሜ አመስግኜሃለሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው ብዬም ነግሬሃለሁ። ፓምፑ አልመጣም። አንተ መቼም ታውቃለህ። አላውቅም የሚሉ ሌሎች ስላሉ ግን በሕዝብ ፊት ምስጋናዬን መልሼ እወስዳለሁ። የአምቡላንሱንም። የትምህርት ቤቱን ጣሪያም። ሲመጡ አመሰግናለሁ። አሜን።»

ተቀመጠ። ከዚያ ከገበያ ሴቶቹ አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹ ተከተሏት።

እንግዳው ግን ለሥልጣን የበቁት እንዲያው አይደለም። ብድግ አሉና ሎምቤን አቅፈው ወደ ካሜራው አዞሩት። «ይህ ነው ትሕትና!» አሉ። «ወንድማችን በሐሰት ማመስገኑን በገዛ አፉ ተናዘዘ! አገራችን እንዲህ ያለ ንስሐ ያስፈልጋታል! አጨብጭቡለት!» ሕዝቡ ምን እንደ ሆነ ሳይገባው አጨበጨበ። ሎምቤም በእንግዳው ክንድ ሥር ሆኖ፣ ሲያቅፉትና ሲያንቁት ልዩነቱ ጠፍቶበት፣ ፈገግ አለ። ልማድ ነው።

በሳምንቱ ጋዜጣው «ጸሐፊው ስለ ፓምፑ መዋሸቱን አመነ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሦስት ሰዎች ያሉት አጣሪ ቡድን መጣ።

«ፓምፑን የት አደረስከው?» አሉት።

«አልመጣም።»

«አልመጣም ካልክ ለምን አመሰገንክ?»

«በእምነት ነበር።»

«እምነትህን በጽሑፍ አቅርብ።»

ቤቱን ፈተሹ። ባና ቺፓሻ በሩ ላይ ቆማ፣ «ከአልጋው ሥርም እዩ፤ ባሌ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ብረት ታቅፎ ነው የሚተኛ፣ እኔማ ቦታ አጥቼ ተቸገርኩ» ትላቸዋለች። በእርግጥም አዩ። ሲወጡ ግን ውሃ አጠጣቻቸው፤ ከወንዝ በራሷ የተሸከመችውን። አንዱ ጠጥቶ ሲያበቃ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ደለል አየና በቀስታ መልሶላት ሄደ።

ያን ዕለት ማታ ንሺማውንና የደረቀውን ዓሣ አቅርባ ተቀመጠች። «ይጸልዩ እንግዲህ» አለችው። ሎምቤ «ስለዚህ እህል እናመሰግናለን» ብሎ ዓይኑን ገለጠ።

«አበቃ?»

«አበቃ።»

«ሃያ ስምንት ዓመት አብሬዎት ስኖር ትኩስ ምግብ ስበላ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው» አለችና ከዓሣው ወፍራሙን ወደሱ ገፋችለት።

ውሳኔው ሲወጣ ሎምቤ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ ወደ መቃብር ሥፍራ መዝገብ ያዥነት ተዛወረ። በሕዝብ ስብሰባ ላይ እንዳይናገርም ተከለከለ። ነገር ግን የቢሮ አሠራር የራሱ ጠባይ አለው። ፓምፑ ደርሷል ያለው ብቸኛ ማስረጃ ምስጋናው ነበር፤ ምስጋናው በይፋ ስለ ተመለሰ ፋይሉ ክፍት ሆኖ ቀረ። ክፍት ፋይል ደግሞ ለበላይ ሰዎች ከተጠማ ሕዝብ ይልቅ እንቅልፍ ይነሳል። በጁላይ ወር ፓምፑ መጣ። አዲስ አልነበረም፤ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ በአንድ በኩል ያንጠባጥባል። ግን ይስባል።

የምረቃው ቀን ከተማው ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ተሰለፈ። ሎምቤም ቢጫ ጄሪካኑን ይዞ ከሰልፉ መጨረሻ ገደማ ቆመ፤ በዚህ ጊዜ ወደ ላይ ውጣ እንዲሉት ብሎ አይደለም፣ ዘግይቶ ስለ ደረሰ ነው። አዲሱ አመስጋኝ ያ ነጭ ሱፍ ለባሹ ሐዋርያ ሆኗል። እግዚአብሔርን በአንድ ዓረፍተ ነገር አመስግኖ ወደ ባለሥልጣኖቹ ተሻገረና እዚያ ከተመ። ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ። ቧንቧው በሪባን ታስሯል፤ ንግግሩ ሳያልቅ አይከፈትም። ሎምቤ በሙያ ዓይን ሲያዳምጥ ነበር። «ማዕረጉን ሁለቴ ጠራው» አለ ለራሱ፣ «ስለ ውሃውም ምንም አላለ።»

አርባኛው ደቂቃ ላይ ባና ቺፓሻ ከክሊኒኩ በኩል ባልዲ ይዛ መጣች። ሰልፉን አልፋ፣ ፖሊሱን «ዞር በል ልጄ፣ አንተንም እኔ ነኝ ያዋለድኩህ» ብላ አልፋ፣ ሪባኑን በኪሷ በነበረው የእትብት መቀስ ቆረጠችና ቧንቧውን ከፈተችው። ውሃው ፈነዳ። ሐዋርያው እያመሰገነ ቀረ፤ ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ተገለበጠ።

ሎምቤ ተራው እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ጠበቀ። ጄሪካኑን ሞላ፤ ከዚያ መዳፉን አጉብጦ ጠጣ። ቀዝቃዛ አልነበረም፤ ፀሐይ የበላው ቧንቧ ትኩስ አድርጎታል፣ ትንሽም ዝገት ዝገት ይላል። «ተመስገን» አለ፣ እና እንደዚህ የሚገባ ምስጋና በሕይወቱ አመስግኖ እንደማያውቅ ተሰማው። ቀና ብሎ ግራና ቀኝ ቢያይ ማንም አልሰማውም። ይህም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት ቅር አሰኘው።